ውኃ የማያስገባ የዓሣ አጥማጅ ሱሪ፦ ሳይቀደድ የሚቆይ፣ ኪስ የማይጎዳ እንዴት ይመረጣል?

ክረምት ገብቶ የመጀመሪያው ማዕበል ሲያልፍ በአሽዶድ፣ በአሽቀሎን፣ በነታንያና በሐደራ ዳርቻዎች ዋናተኛው ወደ ቤቱ ይገባል፤ ዓሣ አጥማጁ ደግሞ ይወጣል። ዴኒስና ላብራክ የሚባሉት ዓሦች በቀዝቃዛው ወራት ወደ ዳር ይጠጋሉ። ዘንግ የያዘው ሰውም መንጠቆውን ከሚሰበረው ማዕበል አሻግሮ ለመወርወር ጥቂት እርምጃ ወደ ውኃው መግባት ይፈልጋል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የሜዲትራንያን ባሕር በእስራኤል ጠረፍ በክረምት ወደ 16 እና 17 ዲግሪ ይወርዳል። ቁጥሩ ሲሰሙት ብዙም ብርድ አይመስልም። ነገር ግን በጂንስ ሱሪና በሳንዳል አንድ ሰዓት የቆመ ሰው፣ በተለይ ነፋስ ካለ፣ እግሩን መቆጣጠር ያቅተዋል፤ ጣቶቹም ክር ማሰር ይሳናቸዋል።

ለዚህ የተሠራው ልብስ በዕብራይስጥ ተናጋሪ ሱቆች ዘንድ «ዌይደርስ» ይባላል። ከእግር ጀምሮ እስከ ጭን፣ እስከ ወገብ ወይም እስከ ደረት የሚደርስ፣ ውኃ የማያስገባ ሱሪ ነው። አማርኛ የተለየ ስም ስላላወጣለት እዚህ «የውኃ ሱሪ» እንበለው። ዋጋው ከመቶ ጥቂት ሸቅሎች ይጀምርና እስከ ብዙ ሺህ ይደርሳል። ርካሹን ገዝቶ በሁለተኛው ጉዞ እርጥብ ካልሲ የጨመቀ ሰው አለ። ውዱን ገዝቶ በዓመት ሁለት ቀን ብቻ የለበሰም አለ። ሁለቱም ገንዘባቸውን አባክነዋል።

ማን ያስፈልገዋል?

ሻጭ ይህን ጥያቄ አይጠይቅም፤ ገዢው ራሱን ቢጠይቅ ግን ብዙ ገንዘብ ያተርፋል። በአሸዋ ዳርቻ ላይ ቆሞ፣ ዘንጉን አሸዋ ውስጥ በተተከለ ማቆሚያ ላይ አስደግፎ የሚጠብቅ አጥማጅ ውኃ የሚነካው ሲወረውርና ዓሣውን ሲጎትት ብቻ ነው። ለእሱ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥሩ የጎማ ቦት፣ ማለትም በዕብራይስጥ ማጋፋዪም የሚባለው፣ ይበቃዋል። ማርሚር የሚባለውን ዓሣ በአሸዋማ ዳርቻ የሚያጠምዱ ብዙዎች ከዚህ በላይ አያስፈልጋቸውም።

እስከ ጭን የሚደርሰው ዓይነት በሱሪ ቀበቶ ላይ ይንጠለጠላል። ቀላልና ርካሽ ነው፤ ሙቀትም አያፍንም። ነገር ግን አንድ ያልታሰበ ማዕበል ከጭን በላይ ሲወጣ ሁለቱም እግሮች ባንዴ ይሞላሉ። ስለዚህ ለጸጥተኛ ውኃ፣ ለወንዝ ዳርና ለዓሣ ኩሬ እንጂ ለክፍት ባሕር አይመከርም። እስከ ወገብ የሚደርሰው በመካከል ያለ ነው፤ በሱቅም ብዙ አይገኝም። እስከ ደረት የሚደርሰው በትከሻ ማንገቻ የሚያዝ ሲሆን በብዛት የሚሸጠው እሱ ነው። ጥልቅ ውኃ ለመግባት የማያስብ ሰው እንኳ የሚመርጠው፣ መንበርከክም መቀመጥም ስለሚቻልበትና የሚረጨው ውኃ ስለማያገኘው ነው። ደረት ድረስ ስለደረሰ ግን ደረት ድረስ ይገባበታል ማለት አይደለም። ልምድ ያላቸው አጥማጆች በባሕር ላይ ከጉልበት፣ በረጋ ውኃ ደግሞ ከወገብ በላይ አይገቡም። ከዚያ በላይ ያለው የሱሪው ክፍል ለስህተት የተተወ መጠባበቂያ ነው።

በኪነሬት ሐይቅ ነገሩ ትንሽ ይለያል። የሐይቁ ወለል ከፍና ዝቅ ስለሚል ዳርቻውም ከዓመት ዓመት ቦታውን ይቀይራል። የላይኛው ቀይ መስመር ከባሕር ጠለል በታች 208.80 ሜትር፣ የታችኛው ደግሞ 213 ሜትር ላይ ነው። ውኃው ሲሸሽ ጭቃና ጥቁር የባዛልት ድንጋይ ይገለጣል፤ አምና ደረቅ ሆኖ ይረገጥ የነበረው ቦታ ዘንድሮ በሙጃና በአልጌ የተሸፈነ አንሸራታች ሊሆን ይችላል። እዚያ ሙሽት ለማጥመድ የሚሄድ ሰው ከሱሪው ይልቅ ስለ ጫማው ሶል ቢጨነቅ ይሻለዋል። በነገራችን ላይ የኪነሬቱ ሙሽትና የጣና ሐይቁ ቆሮሶ የአንድ ቤተሰብ ዓሦች ናቸው። ከጎንደር አካባቢ የመጡ አባቶች ሙሽትን ገበያ ላይ ሲያዩ «ይህንስ እናውቀዋለን» ቢሉ አልተሳሳቱም።

ከምን ተሠራ?

በሱቅ ውስጥ የሚታዩት የውኃ ሱሪዎች በሦስት ወገን ሊከፈሉ ይችላሉ። የመጀመሪያው ፒ.ቪ.ሲ. ወይም ጎማ የተቀባ ናይለን ነው። ርካሹ ይህ ነው። ውኃ ፈጽሞ አያሳልፍም፤ ላብም እንዲሁ። እሾህና ሹል ድንጋይን በደንብ የሚቋቋም ወፍራም ዓይነት አለው። በዓሣ ኩሬ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሚሠሩ ሰዎች የሚለብሱት ይህን ነው፤ ጭቃው በቧንቧ ውኃ ታጥቦ ይወርዳልና። ጉድለቱ ክብደቱና ጥንካሬው ነው። ከጊዜ በኋላ በተለይ ታጥፎ ከተቀመጠ በማጠፊያው መስመር ላይ ይሰነጠቃል። ፀሐይ ላይ የተተወ ደግሞ ቶሎ ይደርቃል፤ የእስራኤል ፀሐይ ለዚህ ዕቃ ምሕረት የላትም።

ሁለተኛው ኒዮፕሪን ነው። ጠላቂዎች የሚለብሱት ያ ስፖንጅ የሚመስል ጥቁር ልብስ ማለት ነው። በ1930 በአሜሪካው ዱፖንት ኩባንያ የተገኘ ሰው ሠራሽ ጎማ ሲሆን፣ ለልብስ የሚውለው በውስጡ ጥቃቅን የአየር አረፋ የያዘው ነው። ሙቀት የሚጠብቀውም ያ አረፋ ነው። ብዙ ጊዜ በ3፣ በ3.5፣ በ4 ወይም በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሸጣል። አምስት ሚሊ ሜትር የተሠራው በረዶ ሊሆን በተቃረበ ውኃ ውስጥ ቆመው ዳክዬ ለሚያድኑ ሰዎች ነው። እዚህ አገር ከሄርሞን ግርጌ በሚፈልቁት ምንጮችም ቢሆን እንዲህ ያለ ቅዝቃዜ አይገኝም፤ የዳን ምንጭ እንኳ ዓመቱን ሙሉ ወደ 15 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በእስራኤል 5 ሚሊ ሜትር ኒዮፕሪን የገዛ ሰው ከመኪናው እስከ ዳርቻው በሚሄድባት አሥር ደቂቃ ውስጥ በላብ ይጠመቃል። ኒዮፕሪን የሚፈልግ ካለ 3 ወይም 3.5 ይበቃዋል፤ ለጥር ሌሊት ጥሩ ልብስ ነው። በሚያዝያ ግን ይሰቀላል።

ሦስተኛው «የሚተነፍስ» የሚባለው ነው። ቀጭን ጨርቅ ሆኖ በውስጡ እጅግ ስስ የሆነ ሽፋን አለው። የውኃ ጠብታ አያልፈውም፤ የላብ እንፋሎት ግን ቀስ እያለ ይወጣል። ከነዚህ ሁሉ ስሙ የገነነው ጎርቴክስ ነው። መነሻው ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ በ1969 ቴፍሎን የተባለውን ነገር በፍጥነት ሲለጥጠው በጥቃቅን ቀዳዳ የተሞላ ሽፋን ሆኖ ማግኘቱ ነው። ዛሬ ሌሎች ኩባንያዎችም የራሳቸውን ሽፋን ይሠራሉ፤ ከነሱም ብዙዎቹ በግማሽ ዋጋ ይሸጣሉ። የሚተነፍሰው ሱሪ በራሱ ሙቀት አይሰጥም። ለብርድ ከሥሩ ሞቃት የውስጥ ሱሪ መልበስ ያስፈልጋል፤ ሲሞቅ ያንን ማውለቅ ነው። ጠዋት 8 ዲግሪ ሆኖ እኩለ ቀን 20 ለሚደርስበት የእስራኤል ክረምት ከሁሉ የሚስማማው ይህ ነው፤ ወጪው ከተቻለ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፒ.ቪ.ሲ. ወይም ኒዮፕሪን የለበሰ ሰው ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲያወልቀው ውስጡ እርጥብ ሆኖ ያገኘዋል፤ «ቀዳዳ አለው» ብሎም ወደ ሱቁ ይመልሰዋል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ላብ ነው። መለየቱ አስቸጋሪ አይደለም። እርጥበቱ እግሩን ሁሉ እኩል ሸፍኖ ከሆነ ላብ ነው። አንድ ቦታ ላይ ጀምሮ ወደ ታች የወረደ፣ ቆይቶም ካልሲውን ያጨቀየ ከሆነ ቀዳዳ ነው። ካልሲውን በምላስ ጫፍ ቀምሰው የባሕር ጨው መሆኑን ለማወቅ የሚሞክሩም አሉ፤ ላብም ጨው ስለሆነ ይህ ብዙ አይረዳም።

የሚቀደደው የት ነው?

የውኃ ሱሪ መሃል ጭኑ ላይ አይቀደድም። የሚያልቀው ሦስት ቦታ ላይ ነው፤ ብሽሽቱ ላይ አራት ስፌቶች የሚገናኙበት፣ ጉልበቱ ላይ ድንጋይ የሚፈትገው፣ እግሩ ላይ ደግሞ አሸዋ ገብቶ የሚፈጨው። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ዓይን መጣል ያለበት በኪሶቹ ብዛትና በቀለሙ ላይ ሳይሆን በእነዚህ ቦታዎች ነው።

ሱሪውን ገልብጦ የውስጡን ስፌት ማየት ነው። ስፌቱ ሁሉ በላዩ ላይ ውኃ የማያስገባ ቴፕ ተለጥፎበት መሆን አለበት። ቴፑ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ ያልተላጠ፣ መጨማደድ የሌለበት ከሆነ ጥሩ ነው። በጥፍር ሲነኩት የሚነሳ ከሆነ በባሕር ውስጥ አንድ ወር አይቆይም። የተሻሉት ሠሪዎች በእግሮቹ መካከል ስፌት እንዳይኖር ስፌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያዞሩታል፤ ሰው ሲራመድ ጭኑ ከጭኑ ጋር ስለሚፋተግ ይህ ለዕድሜው ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በኒዮፕሪን ላይ ደግሞ ስፌቱ መጀመሪያ በማጣበቂያ ተያይዞ ከዚያ መርፌው ወደ ሌላው ወገን ሳይወጣ የተሰፋ መሆኑን ማየት ይገባል። መርፌ አልፎበት ከሆነ እያንዳንዱ ክር የሚያልፍበት ነጥብ ለውኃ በር ነው።

የሚተነፍሱት ሱሪዎች በንብርብር ቁጥር ይለያያሉ። ከላይ እስከ ወገብ ሦስት ንብርብር፣ ከጭን በታች አራት ወይም አምስት ያላቸው ዋጋቸውን ይመልሳሉ፤ የሚፈተገው የታችኛው ክፍል ነውና። ሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ስስ የሆነ ሱሪ ስሙ ትልቅ ቢሆን እንኳ ቁጥቋጦ ባለበት ወንዝ ዳር አይበረክትም።

ከዚያ የእግሩ ነገር አለ። አንዳንዱ ሱሪ የጎማ ቦት ከታች ተጣብቆበት ይመጣል። ሌላው ደግሞ በኒዮፕሪን ካልሲ ያልቅና ከላዩ የተለየ ጫማ ይደረግበታል። ካልሲ ያለው ለመራመድ ይመቻል፤ ቁርጭምጭሚትን ይይዛል፤ ጫማው ሲያረጅም ጫማው ብቻ ይቀየራል። ግን ዋጋው ላይ የጫማውን ዋጋ መደመር ግድ ነው፤ መለያው ላይ ያለው ቁጥር ግማሹ ብቻ ነው። በአሸዋ ዳርቻ ደግሞ ሌላ ጣጣ ያመጣል። ማዕበሉ አሸዋ ተሸክሞ በጫማውና በካልሲው መካከል ያስገባል፤ አሸዋውም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ካልሲውን ይበላዋል። ስለዚህ ፍርዱ ግልጽ ነው፦ ለአሸዋ ቦቱ የተጣበቀበት፤ ለድንጋይና ለረጅም የእግር ጉዞ ካልሲ ያለው። ባለ ካልሲውን ለአሸዋ የሚለብስ ሰው ጠጠር መከላከያው መታጠፊያ በጫማው አፍ ላይ በደንብ መያያዙን ያረጋግጥ።

ስለ ሶል ሲነሳ፣ ጥቅጥቅ ካለ ሱፍ መሰል ጨርቅ የሚሠራው ፌልት የተባለው ሶል በአልጌ በተሸፈነ ድንጋይ ላይ ከጎማ ይልቅ ይይዛል። ነገር ግን ቶሎ አይደርቅም፤ ከአንድ ወንዝ የያዘውን ተሕዋስና የአልጌ ዘር ወደ ሌላው ይወስዳል። በዚህ ምክንያት ኒውዚላንድ በ2008 ከልክላዋለች፤ አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶችም ተከትለዋታል። ወደ ውጭ አገር ይዞት ለመሄድ የሚያስብ ሰው ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው። በጎማ ሶል ላይ የሚታሰሩ የብረት ምስማሮች ለኪነሬት ባዛልት ጥሩ አማራጭ ናቸው። ለአሸዋ ግን ተራው የጎማ ሶል ይበቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ልኩ። ውድ ሱሪ የሚቀደድበት ዋነኛ ምክንያት የማይሆን ልክ ነው። የጠበበው ሲቀመጡ ብሽሽቱ ላይ ይወጠርና ስፌቱ ይለቃል፤ የሰፋው ደግሞ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠራቀምና በመጨማደድ ይቀደዳል። ስለዚህ በሱቅ ውስጥ ወፍራም ሱሪና ካልሲ አድርጎ መለካት፣ ቁጢጥ ማለት፣ አንዱን እግር ወንበር ላይ ማንሳት ነው። ሻጩ ቢስቅ ይሳቅ። ጀርባና ብሽሽት ሳይወጠር ይህን ካደረጉበት ልኩ ነው። በጫማ ቁጥር ብቻ የሚሸጡት ርካሽ ሱሪዎች ለአጭርና ወፍራም፣ ወይም ለረጅምና ቀጭን ሰው አይሆኑም። ለሴቶች የተሠሩ ልኮች አሉ፤ የወንድ ሱሪ ለሴት ወገቡ ሰፍቶ ዳሌው ላይ ስለሚጠብ መጠየቁ ይጠቅማል።

ቀበቶው ለጌጥ አይደለም

ብዙ ርካሽ የውኃ ሱሪዎች ቀበቶ ሳይኖራቸው ይሸጣሉ፤ ያላቸውም ሰዎች አያስሩትም። ከደረት ሱሪ ላይ ከወገብ ከፍ ብሎ አጥብቆ የታሰረ ቀበቶ ሰው ሲወድቅ ውኃው ባንዴ እንዳይገባ ያደርጋል። ከማንኛውም ሌላ ክፍል በፊት መታየት ያለበት እሱ ነው፤ ከሌለ በጥቂት ሸቅል ለብቻው ይገዛል።

በዓሣ አጥማጆች ዘንድ «ሱሪው ውኃ ከሞላ እንደ ድንጋይ ይጎትትሃል» የሚል አባባል አለ። እውነት አይደለም። በሱሪው ውስጥ ያለው ውኃና በውጭ ያለው ውኃ ክብደታቸው እኩል ስለሆነ ውኃ ውስጥ እስካሉ ድረስ ወደ ታች አይጎትትም። ስመ ጥሩው አሜሪካዊ ዓሣ አጥማጅ ሊ ዉልፍ ይህን ለማሳየት የውኃ ሱሪ ለብሶ ከድልድይ ወደ ወንዝ ዘሎ ዋኝቶ ወጥቷል። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። የሞላ ሱሪ የለበሰ ሰው መዋኘት ይከብደዋል። ወደ ዳር ደርሶ ሊነሳ ሲል ደግሞ ውኃውን ሁሉ በእግሩ መሸከም አለበት፤ በዚያ ሰዓት ሌላ ማዕበል ቢመታው ተመልሶ ይወድቃል። ድንጋጤና ብርድ ሲጨመሩበት ጥሩ ዋናተኛም ያቅተዋል።

የወደቀ ሰው ለመቆም መታገል የለበትም። በጀርባው ተኝቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ፣ እግሩን ወደ ፊት አድርጎ በእጁ እየቀዘፈ ወደ ጥልቀት የሌለው ቦታ መድረስ፤ እዚያም በጉልበት እየዳኸ መውጣት፤ ውኃው ከፈሰሰ በኋላ ብቻ መነሳት ነው። የትከሻ ማንገቻው ዘለበት በአንድ እጅ የሚፈታ መሆኑን ቤት ውስጥ መለማመድ ይገባል። ጃኬት ከማንገቻው በላይ የሚለብስ ሰው ዘለበቱ እንዳይሸፈንበት ይጠንቀቅ። በወንዝ ውስጥ ሦስተኛ እግር የሚሆን ዱላ መያዝ ደግሞ ብዙ መውደቅን ያስቀራል። በአገር ቤት ጅረት በዱላ እየመረመረ የተሻገረ ሰው ይህን ከማንም መማር አያስፈልገውም።

በሜዲትራንያን ላይ ማዕበሉ ከወገብ በላይ ሲነሳ የትኛውም ሱሪ መልስ አይሆንም። ዳርቻው ላይ ወደ ውስጥ የሚስብ ወንዝ መሰል ፈሳሽ ይፈጠራል፤ አሸዋውም ከእግር ሥር ይሸሻል። የዚያን ቀን ከደረቁ ላይ ማጥመድ ነው። በኪነሬትም በበጋ ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ የሚነሳው ነፋስ የረጋውን ሐይቅ በአጭር ጊዜ ያናውጠዋል።

በዓሣ ኩሬ ለሚሠሩ

በቤት ሸአን ሸለቆና በሌሎች ቦታዎች በኪቡጽ የዓሣ ኩሬዎች ውስጥ ለሚሠራ ሰው የውኃ ሱሪ የሥራ መሣሪያ ነው። በ1997 የወጣው የሥራ ደህንነት ደንብ አሠሪው ለሥራው የሚስማማ የግል መከላከያ ዕቃ ለሠራተኛው እንዲያቀርብ ያዛል። ስለዚህ የተቀደደ ሱሪ ለብሶ ከመግባት በፊት አሠሪውን መጠየቅ ልመና አይደለም። ከሱሪው ጋር ጓንትም ያስፈልጋል። በ1996 በእስራኤል ከኩሬ የመጣ ሕያው ሙሽት የነኩ ብዙ ሰዎች በዓሣው ክንፍ ተወግተው በከባድ ኢንፌክሽን ታመው ነበር። መነሻው ቪብሪዮ የተባለ ባክቴሪያ ሲሆን የሚገባውም በቆዳ ቁስል ነው። በ2018 በጋ ደግሞ በሰሜን ያሉ ጅረቶች በሌፕቶስፓይሮሲስ ተበክለው ለተወሰነ ጊዜ ተዘግተዋል። እግሩ ላይ ቁስል ያለበት ሰው ለእንዲህ ያለ ውኃ ደረቅ ሱሪ ከብርድ በላይ ይጠቅመዋል። ኢትዮጵያ ሄዶ በጣና ዳር ውኃ ውስጥ ለሚቆም ሰውም እንዲሁ፤ እዚያ ቢልሃርዚያ አለ፤ የሚገባውም በእርጥብ ቆዳ በኩል ነው።

ዋጋውና መመለሱ

ርካሽና ውድ የሚለካው በመለያው ላይ ባለው ቁጥር ብቻ አይደለም። ለምሳሌ አንድ ሰው በ200 ሸቅል የገዛው ፒ.ቪ.ሲ. አሥር ጉዞ ቢያገለግለው እያንዳንዱ ጉዞ 20 ሸቅል ወጣበት። ሌላው በ900 ሸቅል የገዛው የሚተነፍስ ሱሪ አራት ክረምት፣ በየክረምቱ ሃያ ጉዞ ቢቆይለት፣ ጉዞው 11 ሸቅል ከሩብ ብቻ ነው። ይህ ሒሳብ የሚሠራው ግን በእርግጥ በዓመት ሃያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ለሚወጣ ሰው ወፍራም ፒ.ቪ.ሲ. ወይም ባለ 3.5 ኒዮፕሪን ይበልጥበታል፤ የሚተነፍሰው ስስ ሽፋን ተሰቅሎም ያረጃልና። በመካከል ያለው ዋጋ ላይ፣ ቴፑ ንጹሕ፣ ጉልበቱ የተደረበና ቀበቶ ያለው ሱሪ ከተገኘ ለአብዛኛው አጥማጅ ከዚያ በላይ መክፈል ለስም መክፈል ነው።

ከኢንተርኔት የሚገዛ ሰው ሕጉን ቢያውቅ ይጠቀማል። በእስራኤል የሸማቾች ጥበቃ ሕግ መሠረት በኢንተርኔት ወይም በስልክ የተገዛን ዕቃ ከተረከቡ በኋላ በ14 ቀናት ውስጥ ግዢውን መሰረዝ ይቻላል። ሻጩ የመሰረዣ ክፍያ ቢጠይቅ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም ከ100 ሸቅል፣ ከሁለቱ ከሚያንሰው መብለጥ የለበትም። ዕቃው ጉድለት ካለው ደግሞ ጭራሽ ምንም አይከፈልም። ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ፣ አካል ጉዳት ላለባቸውና ወደ አገሩ ከገቡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው ዖሊም፣ ግዢው ከሻጩ ጋር በስልክ ወይም በጽሑፍ መነጋገርን የጨመረ ከሆነ፣ ጊዜው 14 ቀን ሳይሆን አራት ወር ነው። ይህን መብት የማያውቁ ብዙ አዛውንቶች አሉ። ከውጭ አገር ድረ ገጽ ሲገዛ ግን ይህን መብት ማስከበር ከባድ ነው፤ የማጓጓዣ ዋጋና ታክስም ሊጨመር ይችላል። ልኩ ያልተሞከረ ሱሪ ከባሕር ማዶ ማዘዝ የሚያዋጣው ያንኑ ሠሪና ያንኑ ልክ ከዚህ በፊት ለለበሰ ሰው ነው። በየትኛውም መንገድ ቢገዛ ውኃ ከመንካቱ በፊት መለያውን ሳይቆርጡ ቤት ውስጥ መሞከር ነው።

ያገለገለ ሱሪ መግዛት አይነወርም። ጎማውን በአውራ ጣት አጥፎ ጥቃቅን ስንጥቅ ካለበት መተው ነው፤ ያ በማጣበቂያ አይድንም። ከዚያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ባትሪ ወደ ውስጥ አስገብቶ ማብራት ነው። ብርሃን በነጥብ የሚወጣበት ቦታ ቀዳዳ ነው፤ ሻጩ ፈቃደኛ ካልሆነ ምክንያቱን መገመት ይቻላል።

ከውኃ ከወጡ በኋላ

ከባሕር የወጣ ሱሪ በዚያው ቀን በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ጨው ዘለበቱን ያዝገዋል፤ ሲደርቅም እንደ ጥቃቅን መስታወት ጨርቁን ይፈትጋል። ከዚያ በጥላ ሥር ይሰቀላል፤ መጀመሪያ ውጩ፣ ቀጥሎ ገልብጦ ውስጡ። ቦቱ የተጣበቀበት ከቦቱ ተይዞ ቁልቁል ይንጠለጠላል። በመኪና ግንድ ውስጥ እርጥቡን ጠቅልሎ መተው ከማንኛውም ድንጋይ ይልቅ ሱሪ ይገድላል፤ በነሐሴ ሙቀት ማጣበቂያው ይለቃል፣ ሻጋታም ይወጣዋል። የሚተነፍሰው ዓይነት አልፎ አልፎ በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፤ ማለስለሻ ግን አይነካውም፤ ቀዳዳዎቹን ይደፍናልና። ውኃ በላዩ ላይ መንጠባጠቡን ትቶ ጨርቁን ማርጠብ ከጀመረ በሱቅ የሚሸጥ መርጫ አለ።

ቀዳዳ ሲገኝ ሱሪውን መጣል አያስፈልግም። በሚተነፍሱት ላይ ውስጡን ገልብጦ ኢሶፕሮፒል አልኮሆል ሲረጩበት ቀዳዳው እንደ ጠቆረ ነጥብ ይታያል፤ በእስክሪብቶ ክብ አድርጎ የዩሬታን ማጣበቂያ ጠብታ መቀባትና ሌሊቱን ማሳደር ይበቃል። ኒዮፕሪንም በዚሁ ማጣበቂያ ይያዛል። ጎማ በብስክሌት ጎማ መለጠፊያ፣ ፒ.ቪ.ሲ. ደግሞ ለፒ.ቪ.ሲ. በተሠራ ማጣበቂያና በአንድ ቁራጭ ከዚያው ጨርቅ ይጠገናል። ቦታው መጀመሪያ በአልኮል ታጥቦ በደንብ መድረቅ አለበት፤ ያልደረቀ ቦታ ላይ የተለጠፈ ሁሉ በሁለተኛው ቀን ይነሳል። የብሽሽቱ ስፌት ከሁለት ጊዜ በላይ ተለጥፎ እንደገና ካስገባ ግን ያ ሱሪ የአትክልት ሥራ ልብስ ሆኗል፤ ቀበቶውና ዘለበቶቹ ተፈትተው ለሚቀጥለው ይቀመጣሉ።